ሰጋር

ከማሳም ወጣ ብሎ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት፣
ሣሩ ሌሊት በዝናብ ርሶ፣ ጠዋት ገመድ የዞረበት፣
ወይዘሮ ኦልድሮይድ መሐል ቆመዋል፤ ባርኔጣቸው ላባ አለው፤
እኔ ከጎናቸው፤ ሰሌዳ ይዣለሁ፤ እርሳሴ በክር የታሰረ ነው።
እሳቸው ያያሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሰባት ክረምት ሆነን።
ስሜ ትብለጥ ነው። እሳቸው «ቲቢ» ይሉኛል።
በሽታ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

«ርምጃ አራት ምት ነው፣» ይላሉ፤ «ቁጠሪው በጆሮሽ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ እኩል ካልሆነ ይቅርብሽ።
የኋላው ኮቴ የፊቱን ዱካ አልፎ መርገጥ አለበት፤
አንገቱ ይወዝወዝ፣ ጀርባው ይላላ፣ ችኮላ አይታይበት።
ሶምሶማ ሁለት ነው፤ ግራና ቀኝ ተጣምሮ በሰያፍ፣
መሐሉ ላይ ለቅጽበት መሬት የለም፤ ፈረሱ እንደ ወፍ።
ደንገላሳ ሦስት ነው፤ ከሦስቱ ኋላ ዝምታ፤
ዝምታው ከጠፋ አራት ይሆናል፣ ስንፍና የገባ ለታ።
ሽምጡ ግን» — እዚህ ላይ ፈገግ — «ሽምጡን ማን ይመዝናል?
ቁም ሲሉት ከቆመ፣ ያን ጊዜ ያምራል።»

ዘጠኝ ገቡ።
ጥቁሩ ሶምሶማው ላይ ጉልበቱን ደረቱ ድረስ ያነሳል፤
«ትዕይንት ነው፣ ግልቢያ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ።
ቀዩ ደንገላሳውን ሰብሮ አራት መታ። «ሰነፍ።»
ግራጫው አንገቱን አጥፎ አገጩን ደረቱ ውስጥ ቀበረ፤
«ከልጓም ሸሽቷል።»

ሰባተኛዋ ዳማ ባዝራ ናት።
ጋላቢዋ ማርጆሪ ሃክስቢ፣ የላም ገበሬ ልጅ፤
ኮቷ የእናቷ ነው መሰለኝ፣ እጅጌው ጣቷን ውጦታል።
ርምጃ ተባለ።
ባዝራዋ ግራን ከግራ፣ ቀኝን ከቀኝ አስከትላ
እንደ ጀልባ ተንሳፈፈች፤
የማርጆሪ ቆብ ከአጥሩ መስመር ንቅንቅ አላለም።
«አየሽ?» አሉ። «አራቱ ምት ሁለት ሆኖ ሞተ። ከባድ ጉድለት። ጻፊ።»

እርሳሴ ቆመ።

አጎቴ ቢሻው የበቅሎ ደላላ ነበር፤
ገዢ ሲመጣ ጣሳ ሙሉ ውሃ ይዞ
ገበያውን በኮርቻ ይዞራል።
ጠብታ ከፈሰሰች ዋጋው ይወርዳል፤
ካልፈሰሰች አንድ ቃል ብቻ ይናገራል፤ «ሰጋር!»
ቃሉ ለብቻው መቶ ብር ያወጣ ነበር፤
ለሙሽራ፣ ለጳጳስ፣ ወገቡ ለተቆረጠ ሽማግሌ።
ያንን ቃል ነው አሁን
በሰው ቋንቋ «ጉድለት» ብዬ የማሰፍረው።

አሰፈርኩ። ለአካሄድ፣ ከሃያ ስምንት።
አልተናደድኩም። በቁና ጨርቅ አይለካም፤
እኔም ቁናው የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

እዚህ አገር ግን ዳኛ ቆሞ ብቻ አይፈርድም፤ ይጋልባል።
ወይዘሮዋ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ዳሌያቸው ውስጥ ብረት አለ።
ስድስቱን ጋለቡ፤ ስድስት ጊዜ ከንፈራቸውን ነክሰው ወረዱ፣
ስድስት ጊዜ ትከሻዬን ይዘው ቆሙ።

ባዝራዋ ላይ ወጡ። ርምጃ።
አንድ ዙር ይበቃ ነበር።
ሁለተኛ ዞሩ።
ሦስተኛውን ሲጀምሩ አስተናባሪው ሰዓቱን አየ፣
ማርጆሪም እጅጌዋን ማኘክ ጀመረች።

ሲወርዱ ትከሻዬን አልያዙም።
«ልሰርዘው?» አልኩ።
«ምኑን?»
«ስምንቱን።»
«ስምንት ነው፣» አሉ። «ምቱ አራት አይደለም እኮ፣ ቲቢ።»
ባዝራዋን ግን አንገቷ ላይ መታ መታ አደረጓት፤
ለሌሎቹ ያላደረጉትን።

ወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ በዚያ መስክ እኔ ብቻ በማነበው ፊደል፣
«ሰጋር» ብዬ ጻፍኩ።
ድንኳኑ ውስጥ ነጥብ የምትደምረው ልጅ
«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።
«እርሳስ ስሞክር ነው፣» አልኩ።

ባዝራዋ ስምንተኛ ወጣች። ለስምንተኛ ጥብጣብ የለም።

አመሻሽ ላይ ማርጆሪ ኮቷን አውልቃ፣ እርካቡን ሰቅላ
ወደ ተጎታቹ በዝግታ ስትነዳት
ወይዘሮ ኦልድሮይድ የመኪናቸው በር ላይ ተቀምጠው
አጥሩ እስኪጋርዳት ያዩዋታል።
ሻይ ይዘዋል።
እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤
ሻዩ ጓንታቸው ላይ ጠብ ይላል፣ ጠብ።